የልክ ሰው

ሃሴት ጠበቃ ለማነጋገር የወሰነችው ጓደኛዋ ኢክራም ልጇን አስከትላ ልትጠይቃት የመጣች ቀን ነው።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ሃሴት የመጨረሻውን የጨረር ሕክምና ጨርሳ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከተመለሰች ገና ወር አልሞላትም። ማህፀኗ የወጣው ክረምት ላይ ነበር። ኢክራም ብርቱካን ገዝታ መጣች። ሰባት ዓመት የሞላት ልጇ ሐያት ሶፋው ላይ ተንጋላ እግሯን ስታወዛውዝ ቆየችና፣ "እማ፣ እንሂድ በቃ" አለች።

"ቆይ እንጂ አንቺ ልጅ! አታሰልቺኝ" አለቻት ኢክራም፣ ዞር እንኳን ሳትል።

ሌላ ምንም አልተባለም። ብርቱካኑ ተላጠ፣ የፋብሪካ ወሬ ተወራ፣ እንግዶቹ ሄዱ። ሃሴት ግን በሩን ዘግታ እዚያው እንደ ቆመች ቀረች። ልጅ ኖሯት፣ ልጇ የምታሰለቻት ሴት! ባሏ ኪሩቤል ከጓዳ ብቅ ብሎ፣ "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" ሲላት፣

"ጠበቃ እፈልጋለሁ" አለችው።

ሁለቱ ሴቶች የተዋወቁት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ አንድ ሸሚዝ ፋብሪካ ነው። ሸሚዙን የሚሰፉት ማሽኖች ናቸው። ማሽኖቹ የተጠራጠሩትን ሸሚዝ ወደ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይልካሉ፤ እዚያ የተቀመጡ ሴቶች በዓይናቸው አገላብጠው አይተው "ይለፍ" ወይም "ይመለስ" ይላሉ። ሃሴትና ኢክራም ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሸሚዝ ሲያገላብጡ ኖረዋል።

የምርመራው ሳጥን የቆመው ፓርኩ በር ላይ፣ ከታክሲ መጠበቂያው አጠገብ ነው። እያንዳንዷ ሠራተኛ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ለማህፀን በር ካንሰር መመርመር ግዴታዋ ነበር። ገብቶ መውጣቱ አንድ ሻይ ከመጠጣት አይበልጥም። ሳጥኑ ምስል ያነሳል፣ ምስሉን ራሱ ያነባል፣ ሴትዮዋ ስትወጣ ከበሩ በላይ ያለው መብራት ይበራል። አረንጓዴ ከሆነ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀይ ከሆነ ማለፊያ ይሰጣታል። ማለፊያ የሌላት ሴት ሐኪም ዘንድ አትደርስም፤ የሆስፒታሉ በር አይከፈትላትም። ሐኪሞች ጥቂት ነበሩ፣ ታማሚው ብዙ ነበር፣ ሰዉም ነገሩን ለምዶት ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በአንድ የግንቦት ቀን፣ ሁለቱም ከሥራ ሲወጡ ሰልፉ ላይ ቆሙ። ሃሴት ከፊት ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ኪሩቤል ደወለ። ዳቦ እሱ ይግዛ ወይስ እሷ ትገዛለች፣ ለዚህ ነበር የደወለው።

"አንቺ ግቢ፣ እኔ ይሄን ሰውዬ ላናግረው" ብላ ኢክራምን አሳለፈቻት።

ኢክራም ስትወጣ መብራቱ ቀይ ሆነ። ሃሴት ገብታ ስትወጣ አረንጓዴ።

ኢክራም እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሃሴት ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ "አይዞሽ፣ አላህ ያውቃል" እያለች አባበለቻት። በሳምንቱ ኢክራም ደሴ ሄደች፣ የታመመው ቦታ ተቆርጦ ወጣላት፣ በማግስቱ ተመለሰች። ዓመቱ ሲዞር ሐያትን አረገዘች።

ሃሴትና ኪሩቤል የኮንዶሚኒየም ዕጣ እስኪወጣላቸው ልጅ አቆይተው ነበር። ዕጣው የወጣ ሰሞን ሃሴት ያለ ጊዜው ደም ማየት ጀመረች። ወደ ሳጥኑ ሄደች። "መዝገብሽ ንጹሕ ነው" አላት ሳጥኑ፣ በለሰለሰ የሴት ድምፅ፤ "ውሃ በብዛት ጠጪ፣ እረፍት ውሰጂ።" ከወር በኋላ ተመለሰች፤ ያንኑ አላት። ምስል እንዲያነሳት ለመነችው። ካለፈው ምርመራዋ አሥር ዓመት እንዳልሞላ ነገራት። ስትመላለስ ጊዜ ሳጥኑ መዝገቧ ላይ "በጭንቀት የምትጠቃ" የሚል ምልክት አደረገ፤ ከዚያ በኋላ በገባች ቁጥር የዝናብ ድምፅ ያሰማት ጀመር። ደሙ ከጀመራት ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ፣ ሸሚዝ እንደያዘች ወደቀች።

አምቡላንስ ማለፊያ አይጠየቅም። ደሴ ላይ አንዲት ሐኪም በዓይኗ አየቻትና ጓንቷን አውልቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሐኪም ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ ሲያናግር ነገሩ ምን እንደሆነ ሃሴት ያኔ ገባት።

ጠበቃው አቶ ዳግማዊ ደሴ ቢሮ ያላቸው፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ናቸው። ሃሴትን እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"እንግዲህ ልጄ፣ ሦስት መንገድ አለሽ" አሏት። "አንደኛው እርቅ ነው። ሳጥኑን የሚያስተዳድረው ድርጅት ይክስሻል፤ አንቺ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አትዪም። ሁለተኛው ለጤና ተቆጣጣሪው አቤት ማለት ነው። እነሱ ምናልባት ሳጥኑን ያስተካክሉታል፤ ለአንቺ ግን የሚተርፍሽ ነገር የለም። ሦስተኛው ክስ ነው።"

"ክስ ይሁን።"

"አትቸኩዪ። ክስ የራሱ ጣጣ አለው። አንደኛ ነገር ይርጋ አለ፤ በሽታው መዘግየቱን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ ጊዜው እየሄደብሽ ነው። ደግሞ ሳጥኑ አጥፍቷል ማለት ብቻውን አይበቃም። 'በጊዜው ተገኝቶልሽ ቢሆን ኖሮ ሕይወትሽ ምን ይመስል ነበር?' ይሉሻል። ድሮ እኛ ጠበቆች ይህን በአንደበታችን እናስረዳ ነበር። አሁን ሕጉ የልክ ሰው ይጠይቃል።"

የልክ ሰው የምትባለው በዚያው ሰሞን በዚያው ሳጥን የተመረመረች፣ በዕድሜም በኑሮም ከሳሿን የምትመስል፣ በሽታው ግን በጊዜው የተገኘላት ሴት ናት። ፍርድ ቤቱ የእሷን ሕይወት ከከሳሿ ሕይወት ጎን ያስቀምጥና ልዩነቱን ያሰላል። ካሳው የዚያ ልዩነት ነው። የልክ ሰዋን የሚመርጠው የፍርድ ቤቱ ማሽን ሲሆን፣ የተመረጠችው ሴት እሺ ካላለች ሌላ ይፈለጋል።

"አውቃታለሁ" አለች ሃሴት።

"ማንን?"

"የልክ ሰዋን። ማሽኑ አይድከም።"

ማሽኑ ግን ደክሞ ፈለገ፣ ፈልጎም ኢክራምን አገኘ።

ኢክራም ጥያቄው በደረሳት ዕለት ፈቀደች። ሃሴት ይህን የሰማችው ከራሷ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሸሚዝ እያገላበጡ ነው። ሃሴት ግማሽ ቀን መሥራት ጀምራ ነበር።

"ሁሉን ነገርሽን እኮ ነው የሚያዩት" አለቻት። "ትዳርሽን፣ ጤናሽን፣ ሐያትን።"

"ይዩት። ምን አለኝና ነው የምደብቀው?" አለች ኢክራም፣ የአንዱን ሸሚዝ ክንድ እየዘረጋች። "ለአንቺ ካልሆንኩ ለማን ልሆን?"

ደግ መልስ ነበር። ሃሴት ግን "ምን አለኝና" የሚለውን ቃል ለራሷ ደገመችው። ምን አለኝና? ከዚያ ቀን በኋላ ኢክራምን እንደ ጓደኛ ማየት አቃታት። በዓይኗ ትለካት ጀመር። ኢክራም ስትስቅ፣ ኢክራም ምሳዋን ሳትጨርስ ስትተው፣ ኢክራም ወገቧን ይዛ "ኧረ ይሄ ሆዴ ጨመረ" ስትል፣ ሃሴት ከጎኗ ሆና፣ ይሄም የእኔ ነበር፣ ይሄም፣ ትላለች። ከሰዓት ሐያት ለእናቷ የምትደውለውን ስልክ ላለመስማት ጆሮዋን ወደ ማሽኖቹ ድምፅ ታዞራለች፤ ትሰማዋለች ግን።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ሳጥኑ በር ላይ ቀይ በራ። ወጣት ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ ከበቧት፣ አንዷ አቀፈቻት። መንገደኛው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ሃሴት ከዳር ቆማ ልጅቷን አየቻት። ሆዷን የሞላው ሐዘን አልነበረም፤ ልክ ሌላ ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ስታይ እንደሚሆነው ነበር የሆነችው። በቀይ መብራት ቀናች።

ይህን ለኪሩቤል ብትነግረው፣ "ኢክራም ግን ጓደኛሽ ናት" አላት። ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ ኢክራም እንደምታወራ ገብቶታል።

"ጓደኛዬማ ናት። ልኬም ናት።"

ችሎቱ ደሴ ተሰየመ። ዳኛዋ ረድኤት የሚባሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። የድርጅቱ ጠበቃ ሜላት ወጣት ናት፤ ጨዋ ናት፤ ለማንም ድምፅዋን ከፍ አታደርግም።

መጀመሪያ የዚያ የግንቦት ቀን ምስሎች በሌላ ማሽን እንደገና ተነበቡ። የሁለቱ ሴቶች ምስል እኩል ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ቀይ ነበሩ። ዳኛዋ የድርጅቱን ባለሙያ፣ "ታዲያ አንዷን ለምን አረንጓዴ አላት?" ብለው ጠየቁ።

ባለሙያው ለሳጥኑ በየቀኑ የሚመደብለት ማለፊያ ውሱን መሆኑን አስረዳ። ማለፊያው እየተመናመነ ሲሄድ ሳጥኑ እጁን ይሰበስባል፤ ጠዋት ቀይ የሚለውን ምስል አመሻሹ ላይ አረንጓዴ ሊለው ይችላል። በዚያ ቀን ከወ/ሮ ኢክራም በኋላ የቀረ ማለፊያ አልነበረም።

ሃሴት ወደ ኢክራም ዞረች። ኢክራም ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ከኋላ ኪሩቤል አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ያያል፤ የዳቦው ስልክ ትዝ ብሎታል። ሃሴት ማልቀስ ነበረባት፤ አላለቀሰችም። አንዲት ሐሳብ ብቻ እንደ ምስማር ጭንቅላቷ ውስጥ ተተከለች፦ በእኔ ተራ ገብታ፣ የእኔን ቀይ ወስዳ፣ የእኔን ልጅ ወለደች።

አቶ ዳግማዊ ጠረጴዛ ስር ክንዷን ያዝ አደረጓት። ጥፋቱ ተረጋግጧል ማለታቸው ነበር። የቀረው ልኩ ነው።

ሜላት ተነሣች።

"ወ/ሮ ኢክራም፣ ባለቤትዎ የት ናቸው?"

"ጅቡቲ ነው የሄደው። ለሥራ።"

"መቼ ነው የሚመለሱት?"

ኢክራም ሻሿን አስተካከለች። "አይመለስም። እዚያ ሌላ አግብቷል።"

ሃሴት ይህን አታውቅም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ስለ ባሏ ሲነሣ ኢክራም ሁልጊዜ፣ "ደህና ነው፣ ይልካል" ነበር የምትለው።

"ልጅዎ ሐያት ጤናዋ እንዴት ነው?"

"አስም አለባት።"

"ሌሊት ይነሳባታል?"

"ይነሳባታል። ቁጭ አድርጌ ይዣት አድራለሁ።"

"በማግስቱ ሥራ ይገባሉ?"

"ታዲያ ምን እበላለሁ?"

ሜላት አመሰገነቻትና ወደ ዳኛዋ ዞረች። የፍርድ ቤቱ ማሽን ሁለቱን ሕይወቶች አስልቶ ነበር። ሃሴት ትዳር አላት፣ የራሷ ቤት አላት፣ ከሕክምናው በኋላ በሽታው አልተመለሰባትም። ኢክራም ባል የላትም፣ የምትኖረው በኪራይ ነው፣ የታመመ ልጅ ለብቻዋ ታሳድጋለች። "ክብርት ዳኛ፣ ድርጅቱ ስሕተቱን አይክድም" አለች ሜላት በዝግታ። "ነገር ግን በስሌቱ መሠረት ከሳሽ ዛሬ ያሉበት ሕይወት ከልካቸው በላይ ነው። ያጡት ነገር አልተገኘም።"

ዳኛዋ ማያውን አዩ። ከዚያ ኢክራምን፣ "የሚጨምሩት አለ?" አሏት።

"የለም" አለች ኢክራም። ልትቀመጥ ስትል ቆም አለች። "ኑሮዬ ይሄን ያህል የወረደ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እኔ እኮ እየኖርኩ ነበር የመሰለኝ።"

አቶ ዳግማዊ ተነሥተው ስለ ሕጉ መንፈስ ሊናገሩ ጀመሩ፤ ዳኛዋ በእጃቸው አስቆሟቸውና ፊታቸውን ወደ ሃሴት መለሱ።

"ወ/ሮ ሃሴት፣ የወ/ሮ ኢክራምን ሕይወት ሰምተዋል። እንዳለ፣ ምንም ሳይቀነስለትና ሳይጨመርበት ቢሰጥዎት ይወስዱታል?"

አዳራሹ ውስጥ ጨዋ መልስ ይጠበቅ ነበር። ሃሴትም የምታውቀው ነበር፤ "ለእሷ ያቆይላት" ብሎ መቀመጥ ነው።

"ዛሬውኑ" አለች።

"ባለቤትዎ እዚህ ተቀምጠዋል።"

"አውቃለሁ። ክብርት ዳኛ፣ እኔ በዚህች ሴት እቀናለሁ። እዚህ ከመቆሜ በፊት ከባሌ በቀር ለማንም አልተናገርኩትም። ልጇ ሌሊት ሙሉ ስትስል ስላደረች ሥራ ላይ ታንቀላፋለች፤ እኔ በእንቅልፏ እቀናለሁ። ልጇን ስትቆጣት ሰምቼ በቁጣዋ ቀንቻለሁ። አሁን ደግሞ ባሏ ጥሏት እንደ ሄደ ሰማሁ፤ ማዘን ነበረብኝ። 'ትቶላት የሄደው ልጅ አለቻት' ነው ያልኩት። ይሄ ማሽን አስም ቆጥሯል፣ ኪራይ ቆጥሯል። እኔ የሷን አስም እፈልገዋለሁ። ያጣሽው ነገር አልተገኘም ካላችሁ እንግዲህ ይሄ ሆዴን የሚበላው ነገር ምንድነው? ከምንም የመጣ ነው?"

ሜላት ወረቀቷን አየች።

ፍርዱ በወሩ ተሰጠ። ዳኛዋ፣ ማሽኑ መቁጠር የተማረውን ብቻ እንደሚቆጥር ጠቅሰው ስሌቱን ውድቅ አደረጉት። ድርጅቱ ለጠፋባት ጤና፣ ልትወልዳቸው ትችል ለነበሩ ልጆችና ሳጥኑ ውስጥ የዝናብ ድምፅ እየሰማች ላሳለፈችው ጊዜ እንዲክሳት ታዘዘ። ደም አየሁ ያለች ሴት መዝገቧ ንጹሕ ቢሆንም፣ ማለፊያም ባይተርፍ፣ በዚያው ቀን ሐኪም እንዲያያት ተወሰነ። አቶ ዳግማዊ በስልክ ሲነግሯት ድምፃቸው እንደ ወጣት ሆኖ ነበር። "እንደዚህ ያለ ምስክርነት በዕድሜዬ አልሰማሁም" አሏት። ሃሴት አመሰገነቻቸው።

ከፍርዱ በኋላ አንድ ጠዋት ኪሩቤል ጫማውን እያሰረ፣ "ዳኛዋ ባልሽ ተቀምጧል ስትልሽ 'አውቃለሁ' አልሽ" አላት።

"ስላወቅሁ ነው።"

"እሱ ነው የከበደኝ" አለና ወደ ሥራው ሄደ። ማታ ግን እንደ ሁልጊዜው ዳቦ ይዞ ገባ። ይህ ነገር ዳግመኛ አልተነሣም።

ከኢክራም ጋር የሆነው የሆነው ግን ገና በምስክርነቱ ቀን ችሎቱ እንደ ተበተነ፣ ደሴ ባቡር ጣቢያ ላይ ነው። ኢክራም አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሃሴት ስትጠጋ አልተነሣችም።

"በተራሽ መግባቴን አላወቅሁም ነበር" አለች ኢክራም።

"እኔ ነኝ ግቢ ያልኩሽ።"

"በእንቅልፌ ቅኚ፣ በወዜም ቅኚ፣ ግድ የለኝም። በሐያትም ነው እንዴ?"

ሃሴት መዋሸት ትችል ነበር። "በእሷ ነው ከሁሉ በላይ" አለች።

"ቤቴ ስትመጪ ሁሉ? ስትስሚያት?"

"ሁልጊዜ።"

ኢክራም ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። "ዓይን እፈራለሁ፣ ሃሴት። ልጄ እንደ ምንም ነው የምትተነፍሰው" አለችና ባቡሩ ሲመጣ ሌላ ፉርጎ ውስጥ ገባች።

በሳምንቱ ኢክራም ፈረቃ ቀየረች። ጠረጴዛው ላይ በእሷ ቦታ አንዲት አዲስ ልጅ ተቀመጠች፤ ጎበዝ ናት፣ ብዙ አታወራም። ሃሴት ኢክራምን የምታያት ፈረቃ ሲለዋወጥ በር ላይ ብቻ ሆነ፤ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይተላለፋሉ እንጂ አይነጋገሩም። በዓል መጣ፣ ሄደ። ኢድ ላይ ሃሴት ለሐያት ቀሚስ ገዝታ ሳትወስደው ቀረች፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተንጠለጠለ። በክሱ ያሸነፈችው ገንዘብ ባንክ ገባ። ሰዎች ደስ አለሽ ወይ ይሏታል። አዎ፣ ትላለች። ውሸቷን አልነበረም። ግን ወደ ቤቱ ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

የካቲት ላይ፣ አቧራው በበዛበት ሰሞን፣ ስልኳ ጠራ። ኢክራም ናት። ሰላምታ አልነበረም።

"ሐያት ትምህርት ቤት አስሙ ተነሥቶባታል። መድኃኒት ሰጥተዋት ተሽሏታል፤ የሚወስዳት ሰው ግን ይፈልጋሉ። እኔ ሁለተኛ ፈረቃ ገብቻለሁ፣ በሩን አይከፍቱልኝም። ሌላ ሰው የለኝም።"

ሃሴት ባጃጅ ይዛ በረረች። ሐያትን መምህሯ አጠገብ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኘቻት። ከንፈሯ ገና እንደ አመድ ነው።

"እማስ?"

"ሥራ ላይ ናት። እኔ ነኝ የምወስድሽ።"

"አንቺን አልፈልግም። እማን ነው የምፈልገው" አለች ልጅቷና ማልቀስ ጀመረች፤ ማልቀሱ ደግሞ አሳላት።

ያ የምታውቀው ቅናት ሃሴት ደረት ውስጥ ብድግ አለ። ለአፍታ፣ ከሚያስላት ልጅ ፊት ቆማ፣ ኢክራምን ጠላቻት፤ እንደዚህ ስለምትፈለግ ጠላቻት። ከዚያ ጎንበስ አለች። ሐኪሞቹ ከባድ ነገር እንዳታነሣ አስጠንቅቀዋታል። ልጅቷን አላነሣቻትም፤ ከፊቷ ተንበርክካ፣ "እሺ፣ እኔን አትፈልጊኝ። ግን ከእኔ ጋር ተንፍሺ፤ ቀስ፣ ቀስ" አለቻት። አብረው ተነፈሱ። ሐያት ዓይኗን ጨፍና አልቅሳ ጨረሰችና እጇን ሰጠቻት። እጇ ትንሽና ሙቅ ነበር፣ ላብ ነበረው።

ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት፣ ሾርባ አበላቻት፣ ትራስ ደራርባ ቁጭ እንዳለች አስተኛቻት። ቁም ሳጥኑን አልከፈተችም። ፈረቃው ሲያልቅ ኢክራም እየሮጠች መጣች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ ልጇ ደረት ላይ ጆሮዋን አስደገፈች። ቆየች። ከዚያ ቀና ስትል ሃሴትን በሩ ደፍ ላይ ቆማ እያየቻቸው አገኘቻት።

"አሁንም?" አለች ኢክራም።

"አሁንም" አለች ሃሴት።

ኢክራም ልጇን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አስተኛቻት። መዳፏን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ በለሆሳስ ዱዓ አደረገች። በሩ ጋ ስትደርስ ልጅቷን በሻሿ አልሸፈነቻትም፤ ፊቷን ወደ ሃሴት እንዳዞረች ተወቻት።

"ነገም ሁለተኛ ፈረቃ ነኝ" አለች።